የቀትር ሌባ

ነገሩ የተጀመረው በድመት ነው።

ባለመስታወቱ ምሳውን በልቶ ጋደም ማለት ልማዱ ነበር። ዕድሜው ከገፋ ወዲህ የሌሊቱ እንቅልፍ ቢሸሸውም የቀትሩ አልተለየውም፤ ራሱን ትራስ ላይ ካሳረፈ መድፍ ቢተኮስ አይሰማም። አንድ ቀን ከዚያ እንቅልፍ ተነስቶ ዓይኑን እያሻሸ ወደ ግቢው ብቅ ሲል፣ የጎረቤት ድመት በእመት ኮፈን ላይ ተጠቅልላ ተኝታ አገኛት።

እመት የሚላት መኪናውን ነው። ዓይኖቿ ክብ፣ አፍንጫዋ ደልደል ያለ፣ ቀለሟ የወይራ ቅጠል የሚመስል የጥንት ፒክአፕ ናት። እኩዮቿ ቀልጠው ሚስማር ከሆኑ ቆይተዋል። እሷ ግን በሯ ሲዘጋ ዛሬም ድምፁ እንደ ጥሩ ሣጥን ነው። ከኋላዋ ላይ መስታወት አቁሞ የሚጭንበት የእንጨት ማቀፊያ እስካሁን አለ፤ የተለበጠበት ጨርቅ ብቻ አርጅቷል።

ድመት የምትተኛው ሙቀት ባለበት ነው። ያን ቀን ግን ሰማዩ እንደ ዳመነ ነበር የዋለው፤ እመትም የቆመችው ከቆርቆሮ መጠለያው ሥር ነው። ባለመስታወቱ ድመቷን አባረረና መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ሞቋል። ሰው ገና አሁን የተነሳበት አልጋ ይመስላል።

"አንቺ ሴትዮ፣ እመትን ያስነሳት ሰው አለ?"

ሚስቱ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና አላለችም።

"ማን ያስነሳታል? ፀሐይ ነው።"

"የቱ ፀሐይ?"

"ጠዋት የነበረው።"

"ጠዋትም አልነበረም።"

"እንግዲያው የትናንቱ ይሆናላ።"

"ጣውንትሽን ሊወስዱብሽ ነው እኮ የምልሽ።"

"ጣውንቴን ከወሰዱልኝማ መንገድ ድረስ እሸኛቸው ነበር።"

መኪናዋን ጣውንቴ ማለት የጀመረችው ገና ሙሽራ ሳለች ነው። ባልየው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ጋቢናውን ከፍቶ የነዳጁን መርፌ አየ። ቅዳሜ ገበያ ደርሰው ሲመለሱ ከነበረበት ወርዷል።

ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው መስታወት ሲቆርጥና ሲገጥም ነው። በከተማው ካሉት አሮጌ መስኮቶች ብዙዎቹ የእሱ እጅ አርፎባቸዋል። መስታወቱን ከፍሬሙ ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በስቱኮ ሲመርግ፣ ሌሎቹ በቢላ ይጫኑታል፤ እሱ ግን የሚያምነው የቀኝ እጁን አውራ ጣት ነበር። ያን አውራ ጣት በጉብዝናው ዘመን መስታወት ለሁለት ስለሰነጠቀው፣ ከመሀሉ የሚያቋርጥ ጠባሳ አለበት። ስለዚህ እሱ የመረገውን መስኮት ቀርቦ ያየ ሰው፣ ከላይ እስከ ታች መሀላቸው የተሰነጠቀ የጣት ምልክቶች ተደርድረው ያገኛል። ፊደል የለየው ጠጉሩ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ፣ የሰፈሩ ሰው "ፊርማ ሳይማር ከተማውን ሁሉ የፈረመ" እያለ ይቀልድበት ነበር።

አሁን ሥራውን ትቷል። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የሚንቀጠቀጥ እጅና መስታወት ደግሞ ባልንጀራ አይሆኑም። መሣሪያውን አንድ በአንድ ለሌሎች ሰጠ። ያልሰጣት እመትን ብቻ ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲያያት "ባለመስታወቱ መጣ" ይላል እንጂ "ሽማግሌው መጣ" አይልም። እሷ ከሄደች ወንበር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ያውቃል፤ ይህን ለማንም አልተናገረም፤ ሚስቱ ግን ሳይነግራት ታውቃለች።

ከድመቷ በኋላ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከእንቅልፉ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያደርገው ኮፈኑን መዳበስ ሆነ። አንዳንድ ቀን ቀዝቃዛ ነው። አንዳንድ ቀን ይሞቃል። ሌላ የተነካ ነገር የለም። መኪናዋ ቦታዋ ላይ ናት፤ ጎማዎቿም እሱ በሚያቆማቸው አኳኋን ጥቂት ወደ ግራ ዞረው ቆመዋል።

ወደ ጎሚስታው ሄደ። ጎሚስታው ከመንገዱ ጥግ ላይ ጎማ የሚለጥፍ፣ ጎማ ሲነፋም ሆነ ሲያወራ ትንፋሽ የማያጥረው ሰው ነው፤ ንፋስ ይሉታል።

"ንፋስ፣ መኪናዬን ሰው እየወሰደ ይመልሳታል።"

ንፋስ እጁ ላይ የነበረውን ጎማ አቆመና ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስተኛው።

"ይመልሳታል?"

"ቦታዋ ድረስ።"

"ታዲያ ጋሼ፣ ከመለሳት ሌባ ነው ይባላል? የኔ ወንድም ጃኬቴን ከወሰደ ስንት ዘመኑ፤ እሱን እንኳ ሌባ ብዬው አላውቅም።"

"ቀልዱን ተወውና አንተ እዚህ ጥግ ላይ ነህ፤ በፊትህ ሳያልፍ የትም አይሄድም። አላየህም?"

ንፋስ፣ ወሬ አልቆበት የማያውቀው ንፋስ፣ ዓይኑን ወደ ጎማው መለሰ። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ንጹሕ የነበረውን ጣቱንም ጭምር።

"ቀትር ላይ እኔም አንቀላፋለሁ፣ ጋሼ" አለ በመጨረሻ። "ከፈለግህ ሰንሰለት እሰጥሃለሁ።"

ባለመስታወቱ የጠረጠረው ሰው ነበረው። አንድ የድሮ መኪና የሚሰበስብ ሰው፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ በየጊዜው እየመጣ እመትን ይዞራት ነበር። ሲዞራት እጁን ከጀርባው አጣምሮ እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ ነው። መጨረሻ የመጣ ቀን "አባባ፣ ዛሬ ባይሆንም ሲያልፉ እንኳ ለኔ ይተዉልኝ" ብሎት ነበር። ባለመስታወቱም "አንተ ስታልፍ እሷ ትሸኝሃለች" ብሎ መልሶለታል።

የንፋስን ሰንሰለት ከመሪው ወደ ፍሬኑ መርገጫ አዙሮ ቆለፈው። ቁልፉን ሰደርያው ኪስ ውስጥ ከተተና ሰደርያውን አልጋው ራስጌ ካለው ሚስማር ላይ ሰቀለው። ተኛ። ሲነሳ ኮፈኑ ሞቋል። ሰንሰለቱ አልተበጠሰም። ተፈትቶ፣ ወደ ግራ ተጠቅልሎ፣ ወንበሩ ላይ በሥርዓት ተቀምጧል። ገመድም ሆነ ሰንሰለት ወደ ግራ የሚጠቀልል ሰው ከራሱ በቀር አያውቅም ነበር።

ይህን ለንፋስ ሲነግረው ንፋስ መሬት መሬት እያየ፣ "ሥርዓት ያለው ሌባ ነው፤ ለኔም ላክልኝ፣ ዕቃዬን ያስተካክልልኝ" አለ። ቀልዱን ጀምሮት እንጂ አልጨረሰውም፤ ድምፁ መሀል ላይ ወደቀ።

ከዚያ ባለመስታወቱ የባሰ ነገር አሰበ። ሞተሩ ውስጥ ለካንዴላዎቹ እሳት የምታዳርስ፣ ጣት የምታህል ዕቃ አለች፤ እሱ ምላስ ይላታል። ምላሷ ከተነቀለች እመት ቁልፍ ቢገባላትም ትንፍሽ አትልም። ነቅሎ እንደ ቁልፉ ሰደርያው ውስጥ ከተታት። ያን ቀን ሲነሳ ወደ ግቢ ከመውጣቱ በፊት እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ምላሷ አለች። እፎይ ሊል ሲል ጣቶቹ ቆሙ። ምላሷ ትሞቅ ነበር። የሰውነቱ ሙቀት ነው እንዳይል ሰደርያው ከሚስማሩ አልወረደም።

ወደ ውጭ ሲወጣ ድመቷ ኮፈኑ ላይ ነበረች፤ አየችውና ዓይኗን መልሳ ጨፈነች። የፊት መስታወቱ መጥረጊያ ሥር አንዲት ሐምራዊ አበባ ተጣብቃለች። በመንገዳቸው እንዲህ የሚያብብ ዛፍ የለም። መዳፉ ላይ አድርጎ አያት። አንድ ነገር ሊያስታውስ የቀረበ መሰለው፤ ግን ጠፋበት።

"ምንድን ነው የያዝከው?" አለች ሚስቱ። ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

"የት ነበርሽ?"

"የት እሄዳለሁ? ጎረቤት ደርሼ መጣሁ።"

አበባዋን ከመዳፉ ወስዳ ጣለቻት። እጇ ፈጠን ያለ መሰለው።

በማግሥቱ ላለመተኛት ቆረጠ። ምሳ እንደበላ ሣጥን ጎትቶ ከመጠለያው ጥግ ተቀመጠ። ቀትር ላይ ጥላ እንኳ ባለቤቱ እግር ሥር ይሸሸጋል። መንገዱ ባዶ ነው። የንፋስ መንፊያ ጸጥ ብሏል። ማንም አልመጣም። ሚስቱ ብቻ ደጋግማ ብቅ ትላለች፤ እሱን ታያለች፣ እመትን ታያለች፣ ትመለሳለች። ሻርፗን ራሷ ላይ አስራ ነበር፤ ቀጠሮ ያላት ሰው ትመስላለች።

"የት ልትሄጂ ነው?" አላት።

"የትም" አለችና ሻርፗን ፈታችው።

ነቅቶ ሲጠብቅ ሌባው አይመጣም፤ ሲተኛ ይመጣል። መተኛቱን ከቤቱ ሰው በቀር ማን ያውቃል? ይህን ሲያስብ ሚስቱን ሰረቅ አድርጎ አያት፤ ባሰበው ነገር ራሱ አፈረ።

ያኔ ነው ስቱኮው ትዝ ያለው። ትኩስ ስቱኮ የነካውን ሁሉ ይይዛል፤ ዝንብ እንኳ ብታርፍበት እግሯን ትተዋለች። ከተረፈው የስቱኮ ቆርቆሮ ቆንጥሮ መሪውን ዙሪያውን ከጀርባው በኩል፣ ጣት በሚያርፍበት ሁሉ፣ ስስ አድርጎ መረገው። ተኝቶ ሲነሳ ኮፈኑ ሞቋል። መሪውን አየ። የራሱ የተሰነጠቀ አውራ ጣት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድሯል። ሌላ ምንም የለም። "ጓንት ያደርጋል ማለት ነው" አለ። ዕድሜ ልኩን በስቱኮ ላይ የራሱን ጣት ሲያይ የኖረ ሰው፣ የራሱን ጣት ቢያይ ምን ይደንቀዋል?

ማምሻውን እጁን ሲታጠብ ነው የበራለት። ምን ዓይነት ጅልነት ነው? በልማዱ የመረገው በአውራ ጣቱ ነው። ወጥመዱን የሞላው ሌባው ሳይሆን ራሱ ባለወጥመዱ ነው።

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ቢላ አነሳ። አዲስ ስቱኮ በቢላ ቀብቶ በእርጥብ ቢላ አለሰለሰው፤ የረጋ ውሃ መሰለ። አንድም ጣቱን አላስነካም። ከዚያ እጁን በሳሙና ደጋግሞ ታጠበና ተኛ።

ሲነቃ መጀመሪያ የመጣለት ሽታ ነው። ትራሱ ተልባ ተልባ ይላል፤ የስቱኮው ዘይት። እጁን ወደ አፍንጫው አመጣ። ከአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር ነጭ ነገር ገብቷል።

ለመነሳት አልቸኮለም። ጣሪያውን እያየ ቆየ። ከዚያ ሰደርያውን ለብሶ ወጣ። ድመቷን አላባረራትም። ጋቢናውን ከፍቶ ገባና ጎንበስ ብሎ መሪውን ተመለከተ። ለስላሳ አድርጎ በተወው ስቱኮ ላይ፣ በግራም በቀኝም፣ አጥብቆ የያዘ ሰው እጅ ታትሟል፤ በስተቀኝ ያለው አውራ ጣት መሀሉ የተሰነጠቀ ነው። ጣቱን ቀስ ብሎ አስገባው። ቁልፍ በቁልፉ ቤት እንደሚገባ ገባ።

በወዲያ በኩል ያለው በር ተከፈተ። ሚስቱ ገብታ ከጎኑ ተቀመጠችና በሩን ዘጋችው። ሁለቱም ፊት ለፊት ያለውን ቆርቆሮ አዩ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አላት።

"ከዝናቡ በፊት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? ሌባው አንተ ነህ ልበልህ? ደግሞ ስትነቃ ምንም አታውቅም። ሌባ ፍለጋ ስትዞር ሳይህ፣ ይሻለዋል አልኩ። ሥራ ሆነልህ።"

"የት ነው የምሄደው?"

ዘወር ብላ አየችው። "የሐምራዊው አበባ ዛፍ የት እንዳለ ረሳኸው?"

አልረሳውም ነበር፤ አሁን መጣለት። የትምህርት ቤቱ በር ነው። ልጃቸው ትንሽ ሳለች፣ የማንም ቤት መስኮት ላይ ተንጠልጥሎ ቢሆን፣ ቀትር ሲሆን ሥራውን ጥሎ በእመት ሄዶ ያመጣት ነበር። ልጅቷ ከጎኑ ተቀምጣ የስቱኮውን ቆርቆሮ በጭኗ ትይዝና ቤት እስኪደርሱ ስቱኮውን ዶሮና አህያ እያደረገች ትሠራዋለች። ዛሬ ያች ልጅ በሌላ ከተማ የምትኖር ትልቅ ሴት ናት። የልጆቿን ልቅሶ በስልክ ታሰማዋለች።

"ሄጄ ምን አደርጋለሁ?"

"ትጠብቃታለህ። እኔ ከኋላ ነው የምወጣው፣ የመስታወቱን እንጨት ይዤ። ጋቢና ልግባ ስልህ 'የልጄ ቦታ ነው' አልከኝ። ልጆቹ ወጥተው ያልቃሉ፣ ዘበኛው በሩን ይዘጋል፣ አንተ ግን ንቅንቅ የለም። መጀመሪያ ቀን ፊትህ ቆሜ ለመንኩህ፤ ዓይንህ በእኔ ውስጥ አልፎ በሩን ያያል። አላየኸኝም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሻርፔን አሰርኩና በበሩ በኩል ዞሬ መጣሁ። እንደ ልጅ። ገብቼ 'አባዬ' አልኩህ። ማርሽ አስገብተህ ይዘኸኝ መጣህ። ከዚያ ወዲህ እንዲሁ ነው የምንመለሰው።"

እጁን ከመሪው አነሳ። "ምን እልሻለሁ?"

"'ዛሬ ምን ተማርሽ?' ትለኛለህ።"

"አንቺስ?"

"መደመር እልሃለሁ።"

"ትናንትስ?"

"ትናንትም መደመር። ሌላ ምን አውቄ?"

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ጋቢናው ከበፊቱ የጠበበ መሰለ።

"አነዳዴ እንዴት ነው?"

"ነቅተህ ከምትነዳው ይሻላል" አለች። "እጅህም አይንቀጠቀጥም።"

ከሰማው ሁሉ እንደዚህ ያስፈራው አልነበረም። "ሰፈሩ ያውቃል?"

"ሁሉም ያውቃል። እንዳይነግሩህ ለምኛቸዋለሁ። ንፋስ ስናልፍ መንገድ ላይ ወጥቶ ልጆቹን ከመንገዱ ያርቅልሃል።"

ባለመስታወቱ ይህን ሰምቶ ኩራቱ ሲወድቅ ተሰማው፤ ከኩራቱ ሥር ግን ሌላ ነገር ነበር። የትምህርት ቤት መውጫ ሰዓት። የሚሯሯጡ ልጆች።

"ፊቴ ቆመሽ ካልታየሽኝ፣ ልጅ ቢገባስ ይታየኛል?"

የበሩን እጀታ በጣቷ ዳበሰች። ይህን ስታስብ እንደ ከረመች ከሁኔታዋ አወቀ።

"ለዚያ ለሚሰበስበው ሰውዬ እንስጣት" አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጥርስ የተነቀለለት ያህል አመመው።

"ቁልፉን የደበቅሁብህ ቀን በእግርህ ሄድክ። አውራ ጎዳናውን ግራ ቀኝ ሳታይ ተሻገርክ። መኪና ሁሉ እየጮኸብህ። መኪናዋ ከሌለች መንገዱ ነው የሚበላህ። ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ ቢያንስ የት እንዳለህ አውቃለሁ።"

 ከዚያ ከሰደርያው ኪስ ምላሷን አውጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት።

"የእመት ቁልፍ ሰደርያው ውስጥ ይሁን፤ ሌባው ገብቶ ይቀመጥባት። ይህችን ግን ደብቂ። ሌላ ሌባ ቢሆን በሰንሰለት እይዘው ነበር። ይሄኛው የማውቀውን ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ እኔ የማላውቀው ቦታ ይሁን።"

"ብትጠይቀኝስ?"

"አትንገሪኝ።"

"ብትለምነኝስ?"

"ለሌባ አይታዘንም።"

"ሌባው ባሌ ነው እኮ።"

"ባልሽ የጠዋቱ ነው። የቀትሩን እኔም አላውቀውም።"

በማግሥቱ ምሳውን በልቶ ጋደም አለ።

ዓይኑን ሲገልጥ ከፊቱ ያየው ጣሪያውን አልነበረም። እጆቹ መሪውን ይዘዋል። ቁልፉ ገብቷል። ሞተሩ ዝም ብሏል፤ እመት ከመጠለያው ንቅንቅ አላለችም። ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ስንት ጊዜ እንደ ተቀመጠ አያውቅም፤ ሰደርያውን ከሚስማሩ ያወረደውን እጅም አያስታውሰውም።

በጎን መስታወቱ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ሚስቱ ከኋላ ወረደች። ሻርፗ ከአገጯ ሥር ታስሯል። ወደ ግቢው በር ሄደች፣ ወጣች፣ በሩም ዘግየት ብሎ ተከፈተ፤ እጆቿን እያወዛወዘች፣ አንዱን እግሯን እየጎተተች፣ ተማሪ ከትምህርት ቤት እንደሚወጣ ሆና መጣች። ያን አካሄድ ያውቀዋል። የሚስቱ አይደለም።

በሩ ተከፈተ፤ ተዘጋ።

"አባዬ" አለች።

ነቅቷል። ነቅቻለሁ ሊላት አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ዛሬ ምን ተማርሽ?"

ድምፁ የራሱ ነበር፤ የተናገረው ማን እንደሆነ ግን እርግጠኛ አልነበረም። ሴትየዋ ፊት ለፊቷን አየች።

"መቀነስ" አለች።

ድመቷ ኮፈኑ ላይ ዘለለች። ብረቱን በእግሯ ነካ ነካ አደረገች፤ ቀዝቃዛ ሆነባት፤ ወርዳ ሄደች። እሱም ማርሹን አስገባ፣ የማይንቀጠቀጥ እጁን አየት አደረገና፣ መሪውን ወደ ቤት አዞረ።